ላፕቶፓችን በሱቁ ልጅ ኢሜይል ተከፍቶ ተሰጠን፣ እንዴት ላላቀው?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ለቤት የሚሆን ላፕቶፕ ገዝተን ነበር፣ ዊንዶውስ 11 ሆም ነው። መጀመሪያ ሲከፈት ኢንተርኔት አገናኙ፣ ከዚያ የማይክሮሶፍት አካውንት አስገቡ፣ አለዚያ አላሳልፍም ብሎ ድርቅ አለ። ቤት ዋይፋይ የለንም። ወንድሜ ሱቁ ይዞት ሲመለስ ልጁ በራሱ ኢሜይል ከፈተውና ፒኑን ነግሮ ሰደደው። ይሠራል። ግን በከፈትነው ቁጥር የማናውቀው ሰው ስም ነው የሚቀበለን። እማዬ የቤቱን ካርታና የአባዬን የጡረታ ወረቀት ስካን አድርጋ ልታስቀምጥበት ነው፣ ታናናሾቼም ያጠኑበታል። እኔ የምፈልገው እንደ ድሮው ስምና ፓስወርድ ብቻ ነው። ሳይፎርማት ይስተካከላል? የሰው አካውንት መሆኑስ ጉዳት አለው ወይስ ዝም ብዬ ነው የምጨነቀው?

የአዘዞው ጠጋኝ፦
እህቴ፣ መጨነቅሽ ልክ ነው። ስሙ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የደመና ምልክት እያት። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ያሉት ፋይሎች ጎን አረንጓዴ ራይት ወይም ትንሽ ደመና ካለ፣ የምታስቀምጡት ሁሉ በዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ላይ ማስቀመጫ) በኩል ወደ ልጁ አካውንት እየተጫነ ነው፣ ያውም በእናንተ ዳታ። ልጁ ክፉ ነው አላልኩም፣ ግን የእናትሽን ካርታ ስልኩ ላይ ከፍቶ ማየት ይችላል።

ሌላው ይብሳል። በተለይ 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 እትም ከመጣ ወዲህ፣ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባባቸው ዲስካቸው በራሱ ይቆለፋል። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ የሚቀመጠውም አካውንቱ ላይ። ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሲታደስ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ያንን ቁጥር ሊጠይቅሽ ይችላል። ያኔ ልጁ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ወይም ኢሜይሉ ከጠፋበት ፋይሉ አለቀለት። እኔ ጋ እንዲህ ሆኖበት የመጣ የማስተርስ ተማሪ ነበር። ጽሑፉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ ምንም ልረዳው አልቻልኩም።

ሳይፎርማት ይስተካከላል። ቻርጀር ላይ ሰኪው፣ መብራት ከሌለ ይቆይ። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን (ዲስኩን የሚቆልፈው) ገብተሽ አጥፊውና እስኪጨርስ ጠብቂ። ቀጥለሽ ፋይሎቻችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጪ። ደመና ብቻ የሚታይባቸው ኮምፒውተሩ ላይ ስለሌሉ መጀመሪያ ይውረዱ። ከዚያ ዋንድራይቭን ከኮምፒውተሩ አላቂው። አሁን አካውንትስ፣ አዘር ዩዘርስ፣ አድ አካውንት። ኢሜይል ሲጠይቅሽ የዚህ ሰው መረጃ የለኝም የሚለውን፣ ቀጥሎም ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር የሚለውን ተጫኚ። ስም ከሰጠሽው በኋላ የአካውንቱን ዓይነት አድሚኒስትሬተር አድርጊው፣ ይቺን እንዳትዘያት። በአዲሱ ገብተሽ የልጁን አጥፊ። ፎልደሮቹም አብረው ስለሚጠፉ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ መከፈቱን አስቀድመሽ እዪ።

የቀበሌ 18 ልጅ፦
ገና ያልከፈታችሁት ላፕቶፕ ካላችሁ እንዲህ ሳይሆን ቀድሙ። ዊንዶውሱ ፕሮ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ለሥራ ወይም ለትምህርት ቤት የሚለውን ምረጡ፣ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ውስጥ ዶሜይን ጆይን ኢንስቴድ የሚል አለ። ስሙ አያስፈራችሁ፣ ተራ ስምና ፓስወርድ ነው የሚጠይቀው። ሆም ላይ ይሄ የለም። ሺፍትና ኤፍ 10 ተጭኖ ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ነበር መላው፣ ማይክሮሶፍት ግን እ.ኤ.አ. በ2025 እነዚያን ትእዛዞች ከሙከራ እትሞቹ ማውጣት ጀመረ፣ ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት እናንተ ጋ ላይሠራ ይችላል። እኔ ሩፈስን ነው የምመክረው። ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ዊንዶውሱን ፍላሽ ላይ ሲጭን የአካውንቱን ግዴታ ላንሳው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ የነበረበት ግን ይጠፋል። የዊንዶውሱ ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ በስልክ ዳታ አትሞክሩት፣ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ፈልጉ። ሲጫንም ኢንተርኔት አታገናኙ።

በገዛ ገንዘባችን የገዛነውን ዕቃ ለመክፈት ኢሜይል መጠየቃችን ያናድደኛል። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ሚንት እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም፣ ለጥናትና ለጽሑፍ ይበቃል።

ጃንተከል፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ተዘለለ። ዲቫይስ ኢንክሪፕሽኑን ካጠፋሽው በኋላ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ዲስኩን ነቅሎ ሁሉን ያነባል፣ ፓስወርዱ አያቆመውም። ሆም ላይ መልሶ ለመቆለፍ ደግሞ አካውንት ግድ ይላል። ከቤት የሚወጣ ላፕቶፕ ከሆነ የራስሽን አካውንት ከፍተሽ ቆልፊው፣ 48ቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ።

የማራኪዋ፦
አረንጓዴው ራይት ሁሉም ላይ አለ፣ የታናሼ ፎቶዎች ሳይቀሩ! ዛሬውኑ አነሳዋለሁ። ላፕቶፑ ከሳሎን አይወጣም፣ ስለዚህ ያለ አካውንት ይሁን። እማዬ ፓስወርዱን ብትረሳውስ?

የአዘዞው ጠጋኝ፦
ፓስወርድ ስታወጪ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅሻል፣ ስትረሱት የምትገቡት በእነሱ ነው። መልሶቹን እናትሽ ራሷ ትምረጥ፣ አንቺም ደብተር ላይ ጻፊያቸው። በልጁ ዋንድራይቭ ላይ የቀረውን ግን አንቺ ማጥፋት አትችዪም። ሱቁ ሂጂና ልጁ አካውንቱን ከፍቶ ፎቶዎቹን ከሪሳይክል ቢኑም ጭምር እያየሽው ያጥፋ።