በራዲዬሽን እና በፕሮፓጌሽን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ተማሪ፣ ደብረ ሲና፦
ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንዳንዱ ጽሑፍ አንቴና ሞገድን ራዲዬት ያደርጋል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሞገዱ ፕሮፓጌት ያደርጋል ይላል። ሁለቱም ሞገድ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላ መሄዱን የሚናገሩ ስለሚመስለኝ መለየት ተቸግሬአለሁ። ከደብረ ብርሃን በመኪና ስንመጣ የምናዳምጠው የኤፍኤም ጣቢያ ጣርማ በር ላይ ጥርት ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ይጠፋል። እዚህ ላይ የደከመው የትኛው ነው?

አንባቢ፣ ሸዋ ሮቢት፦
በእኔ አረዳድ ራዲዬሽን እንደ ራጅና ጋማ ያለው ጎጂ ጨረር ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ግን ፕሮፓጌሽን ቢባል ይሻላል።

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦
ይህ መታረም አለበት። ኤሌክትሮንን ከአቶም የሚነጥሉት ራጅና ጋማ የራዲዬሽን አንድ ወገን ብቻ ናቸው፤ የፀሐይ ብርሃንም የሬዲዮ ሞገድም ራዲዬሽን ነው።

ራዲዬሽን የምንጩ ጉዳይ ነው። በአንቴናው ውስጥ ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ ሲርገበገቡ ከሚፈጠረው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ከፊሉ እዚያው አንቴናው ዙሪያ ይቀርና ጉልበቱን መልሶ ለሽቦው ያስረክባል፤ ከፊሉ ግን ተላቆ ላይመለስ ይሄዳል። ራዲዬሽን የምንለው ይህንን ተላቆ መውጣት ነው። በ50 ኸርዝ የሚሠራ ትራንስፎርመር በዙሪያው ብርቱ የማግኔት መስክ አለው፤ ሆኖም የሞገዱ ርዝመት 6,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ተላቆ የሚወጣው ጉልበት ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ፕሮፓጌሽን ደግሞ የመንገዱ ጉዳይ ነው፤ ሞገዱ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ ምን ገጭቶ እንደሚመለስ፣ ምን እንደሚውጠው ይመለከታል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ላይ የደከመው ፕሮፓጌሽኑ ነው። ጣርማ በር ላይ ሳላችሁ ማሠራጫው ያወጣ የነበረውን ኃይል ስትወርዱም ያንኑ ያህል ያወጣል፤ ነገር ግን 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ የኤፍኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከገደሉ ጫፍ ታጥፎ ወደ ታች የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። በ1,000 ኪሎኸርዝ የሚሠራጭ፣ ርዝመቱ 300 ሜትር የሆነ ሞገድ ቢሆን ኖሮ ተራራውን በተሻለ ይዞር ነበር።

ተማሪ፣ ደብረ ሲና፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ያለ ራዲዬሽን ፕሮፓጌሽን ሊኖር ይችላል?

የዲሽ ባለሙያ፣ መሐል ሜዳ፦
አዎን፣ ዘወትር የምንሠራበት ነው። ከዲሹ ኤልኤንቢ፣ ማለትም ዲሹ የሰበሰበውን ሞገድ ከሚቀበለው ዕቃ፣ ወደ ሪሲቨሩ በሚወርደው ኬብል ውስጥ ሞገዱ የሚጓዘው በመሐሉ ባለው ሽቦና ዙሪያውን በሸፈነው የብረት መረብ መካከል ታጥሮ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ፕላስቲክ ስለሚያዘገየውም ፍጥነቱ በአየር ላይ ካለው ያንሳል። መረቡ ከተቀደደ ወይም ኮኔክተሩ ላይ በደንብ ካልተያዘ ግን ሞገዱ በዚያ በኩል ያፈተልካል፤ ያን ጊዜ ኬብሉ ራሱ ራዲዬት ማድረግ ጀመረ ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦
ትክክለኛ ምሳሌ ነው። ለፈተና የሚጠቅም አንድ ልጨምር፦ ቀን የማይሰማ የሩቅ አገር የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ማታ የሚሰማው ኃይል ስለጨመረ አይደለም። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በፀሐይ ጨረር የሚፈጠረውና ሞገዱን የሚውጠው ንብርብር ሌሊት ስለሚጠፋ፣ ሞገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ካሉት ንብርብሮች ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል።