ጎንደር ሆኜ የአይ-20 የጉዞ ፊርማ እንዴት ላሳድስ?

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ በኤፍ-1 ቪዛ እማራለሁ፤ ለዕረፍት ጎንደር ቤተሰብ ጋ ነኝ። ቪዛዬም ፓስፖርቴም ገና ብዙ ጊዜ አላቸው። የቸገረኝ አይ-20ው፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው የተማሪነት ማረጋገጫ ቅጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው የጉዞ ፊርማ (ወጥቶ ለመመለስ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የሚፈርመው) የሚያገለግለው 12 ወር ነው፤ የእኔ ከመመለሻዬ በፊት ያልፍበታል። የሚታየው ደግሞ ተመልሶ የሚገባበት ቀን እንጂ የወጡበት አይደለም፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ትምህርት ቤቱ አዲሱን በኢሜይል መላክ ይችላል፤ ግን የውጭ ተማሪዎች ቢሮው ለዕረፍት ተዘግቷል። አይ-515ኤ የሚባለው፣ ወረቀቱ ላልተሟላ ተማሪ የሚሰጠው የ30 ቀን ጊዜያዊ መግቢያ በድንበር መኮንኑ ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ በሱ መተማመን ያስፈራኛል።

እባካችሁ፣ በኢሜይል የመጣ አይ-20 አትማችሁ፣ የተማሪው ቦታ ላይ ፈርማችሁ ከቦሌ የበረራችሁ ካላችሁ፣ አየር መንገዱ ያለ ችግር ተቀበላችሁ? ፒያሳ አካባቢስ ጥርት አድርጎ የሚያትም ቤት የትኛው ነው?