ፒካፔን ክረምት በገባ ቁጥር ዝገት እየበላብኝ ነው፤ ምን ላድርግ? (ባሕር ዳር)

የዓሣ ነጋዴዋ፦

እንደምን አላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከጣና ዳር ዓሣ እየተረከብኩ ለከተማው ምግብ ቤቶችና ለሐሙሲት አደርሳለሁ። መኪናዬ አባቴ ያወረሰኝ ባለ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ እስከ ዛሬ አላስቸገረኝም፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ላሜራዋ ነው።

ጥር ላይ የኋላ ፓራፋንጎዎቿን (የጎማ መከለያዎቿን) እና የበሮቿን ግርጌ አሠርቼ ነበር። ሠራተኛው ፍቆ፣ ስቱኮ (የላሜራ መሙያ ልስን) ሞልቶ ቀለም ቀባልኝ። ስረከባት አዲስ መስላ ነበር። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሁለት ሳምንት እንደጣለ ግን እዚያው ቦታ ላይ ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቁስል አበጠ። ባለፈው ሳምንት በጣቴ ስጫነው ተሰነጠቀና ከሥሩ በርበሬ የመሰለ ዝገት ረገፈ። ምንጣፉን ባነሳው ደግሞ ከሾፌሩ እግር ሥር ወለሉ ርሷል። ካሶኒውም (የኋላ መጫኛው) የዓሣ ሣጥኖቹ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ተበሳስቷል።

የጣና ውሃ ጨው የለውም፤ ታዲያ እንዲህ የሚበላት ምንድን ነው? አሁኑኑ ላሠራት ወይስ ክረምቱ ይለፍ? የተቃጠለ ዘይት ከሥር አስረጪባት የሚሉኝም አሉ። የአባቴ ማስታወሻ ስለሆነች ልሸጣት አልፈልግም።

ባትላሜራው፦

ልጄ፣ ከ30 ዓመት በላይ የኖርኩት በባትላሜራ (የመኪና አካል ጥገና) ሥራ ነው። የጻፍሽውን ሳነብ መኪናዋ ፊቴ የቆመች ያህል ታየችኝ።

አሁን አታሠሪያት። ክረምት ላይ እዚህ ከተማ ተፍቆ የነጣ ላሜራ ውሎ አያድርም። ጠዋት የፈቅሁትን ከምሳ ስመለስ ቢጫ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። በዚያ ላይ ቀለም ከተቀባ እርጥበቱ ከሥር ታፍኖ ይቀራል። ይህ የጥቅምትና የኅዳር ሥራ ነው።

ያንቺ መኪና የምትዝገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። በዝናብ ጊዜ ውሃ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል። ፋብሪካው ይህን ያውቃል፤ ለዚያ ነው ከበሩ ግርጌ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች የተውት። እነሱን አቧራና ጭቃ ሲደፍናቸው ውሃው መውጫ ያጣል። ነገ ጠዋት በሩን ወዝወዝ አድርጊው፤ ከውስጥ ከተንቦጫረቀ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ክፈቻቸው። ፓራፋንጎውም እንደዚያው ነው። ጎማው የሚወረውረው ዋልካ ከውስጥ በኩል እጥፋቱ ላይ ይጋገርና ዝናቡ ካባራም በኋላ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ስቱኮ ዝገት አያቆምም፤ እንዲያውም ራሱ እርጥበት ይጠጣል። ከፊት ተሞልቶ ጀርባው ክፍት ከቀረ ዝገቱ በኋላ በኩል ሥራውን ይቀጥላል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ስቱኮውን ገፍቶ ያነሳዋል፤ ያየሽው እብጠት እሱ ነው። ስቱኮው እስከ የት እንደደረሰ ለማወቅ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለሽ ላሜራው ላይ አንሸራትቺው። ማግኔቱ አልይዝ ካለ እዚያ ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። የተበሳው ተቆርጦ ይውጣ፣ በቦታው አዲስ ላሜራ ይበየድ፣ ከፊትም ከጀርባም ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መከላከያ ቅብ) ይቀባ። ስቱኮ ካስፈለገ ከፕራይመሩ በላይ ስስ ሆኖ ይሁን።

የጣና ውሃ ጨው የለውም ያልሽው ልክ ነው። የዓሣ ደም ግን ጨው አለው። በረዶው ሲቀልጥ ያንን ይዞ ካሶኒው ላይ ይተኛል። ሣጥኖቹን አውርደሽ እንደጨረስሽ፣ ሳይደርቅ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቢው።

የተቃጠለ ዘይት የሚሉሽን አትስሚ። የጎማ ክፍሎቿን ያበላሻል፤ ዝናቡ ያጥበውና መጨረሻው ሐይቁ ነው፤ እንጀራሽ ያለው ደግሞ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው። እስከ ጥቅምት ያበጠውን በካቻቪቴ ጫፍ አንሺ፣ በብረት ብሩሽ ጥረጊ፣ ፀሐይ ባገኘሽበት ቀን በደንብ አድርቀሽ ግራሶ ስስ አድርገሽ ቀቢው። ለቀለም ስትሄጂ ግን ግራሶው በቤንዚን ተጠርጎ ማለቅ አለበት፤ ቅባት ከቀረ ቀለሙ አይይዝም።

የሽምብጥ ልጅ፣ ቶሮንቶ፦

ባትላሜራው ስለ ጨው ያሉት እዚህ በየዓመቱ የምናየው ነገር ነው። እኛ ጋ ክረምት ማለት በረዶ ነው፤ በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። መኪናው ከላይ እያብለጨለጨ ሥሩ ያልቃል። ስለዚህ በብርዱም ቢሆን ሥሩን እናሳጥባለን፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባም በሩና የጎኑ ብረት ሆድ ውስጥ ሰም መሰል ፀረ ዝገት እናስረጫለን። ጨው ተሸክሞ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ የሚያድር መኪና ውጭ ብርድ ላይ ከሚያድረው ቶሎ ይዝጋል፤ ሙቀት ዝገትን ያፋጥናል። በረዶ ካለበት አገር የገባ መኪና የምትገዙ ቀለሙን አይታችሁ አትወስኑ። ፎሳ (መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ) ላይ አውጥታችሁ ከሥር እዩት።

የዘጌ መስመር ሾፌር፦

እህቴ፣ የወለሉ ውሃ ከላይ ሊሆን ይችላል። የኔም እንደዚያ ነበር፤ ያስገባ የነበረው የፊት መስታወቱ ጎማ ነው። አንድ ሰው ከውጭ ውሃ ቀስ እያለ ያፍስስ፣ አንቺ ውስጥ ገብተሽ በባትሪ እያበራሽ ከየት እንደሚወርድ ተመልከቺ። ምንጣፉን አሁኑኑ አውጪው፤ ሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ላቫጆ ስትሄጂም ጣሪያዋን ትተው የፓራፋንጎውን ውስጥ እንዲመቱልሽ አጠገባቸው ቁሚ። እኔ የዘጌን ጭቃ ሳላስወጣ አላድርም።

የዓሣ ነጋዴዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት የግራውን በር ቀዳዳ በሽቦ ብከፍተው ሁለት ጆግ የሚሞላ ጥቁር ውሃ ወረደ። ቆሜ ሳየው እንባዬ መጣ። አባዬ በየእሑዱ ቁጢጥ ብሎ ከበሩ ሥር የሚጎረጉረው ይህን ኖሯል፤ ያኔ ምን እንደሚሠራ ጠይቄው አላውቅም። የወለሉም ውሃ የሚገባው በፊት መስታወቱ ጥግ ነው፤ ምንጣፉን አውጥቼ አስጥቻለሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ጥቅምት ላይ ሳሠራት ሠራተኛው በትክክል ቆርጦ መበየዱን በምን አውቃለሁ?

ባትላሜራው፦

ቀለም ሳይቀባ እንዲጠራሽ ከወዲሁ ተነጋገሪ፤ የመጨረሻውን ክፍያም እስከዚያ ያዢው። ስትሄጂ ከፊት ለፊት አትዪ፤ እጅሽን በፓራፋንጎው ውስጥ በጀርባ በኩል አስገቢ። ብየዳው ዙሪያውን ሳይቋረጥ የያዘ፣ ፕራይመሩም ከጀርባ የደረሰ መሆን አለበት። እጅሽ ላይ ቀይ ብናኝ ከወጣ ሥራው አላለቀም፤ ቀለም እንዳይነካው።