ሐኒፍ ሞሐመድ፦ ዝግታው ድክመት ነበር ወይስ የከፋች መቺ ሥራ?

ጥያቄ

ክሪኬትን መከታተል ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም፤ ሰሞኑን ግን የቀድሞ ተጫዋቾችን ታሪክ እያነበብኩ ነው። የፓኪስታኑ ከፋች መቺ (የቡድኑን የመምታት ተራ የሚጀምር ተጫዋች) ሐኒፍ ሞሐመድ በጥር 1958 እ.ኤ.አ. በባርባዶስ ብሪጅታውን ላይ 337 ሩጫ (የክሪኬት ነጥብ) ለማስቆጠር 970 ደቂቃ እንደወሰደበት ሳነብ ግራ ገባኝ። ከ16 ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ዝግ ያለ መቺ ስለምን ከታላላቆቹ ተራ ይቆጠራል? ወንድሞቹ ዋዚር፣ ሙሽታቅና ሳዲቅም ለብሔራዊ ቡድኑ በመጫወታቸው፣ ዝናው ከቤተሰቡ ስም ጋር የተያያዘ ይሆን ብዬም አስቤአለሁ።

የመጀመሪያው መልስ

ከፋች መቺ የሚገጥመው ኳስ አዲስና ጠንካራ ነው፤ በአየር ላይ ይታጠፋል፣ ከመሬት ሲነሳም ይፈጥናል፣ ወርዋሪዎቹም ገና አልደከሙም። ስለዚህ የከፋቹ ተቀዳሚ ሥራ ኳሱ እስኪያረጅ ድረስ ሳይወጡ (ከመምታት ሳይሰናበቱ) መቆየት ነው። ብሪጅታውን ላይ ደግሞ ሁኔታው ከዚህም የከፋ ነበር። ዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገራት ጥምር ቡድን) በ9 ዊኬት፣ ማለትም ዘጠኝ መቺዎች ወጥተውበት፣ 579 አስቆጥሮ መምታቱን በራሱ ፈቃድ ካቆመ በኋላ የፓኪስታን መቺዎች በ106 ሩጫ ሁሉም ስለወጡ፣ ፓኪስታን 473 ሩጫ ወደኋላ ቀርታ ወዲያውኑ ዳግም እንድትመታ ተገደደች። ግጥሚያው የስድስት ቀን ሲሆን ሐኒፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሊመታ የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ቀኖቹ ካለቁ ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ስለሚፈጸም፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለቡድኑ የሚያስፈልገው ሩጫ ሳይሆን ሰዓት ነው። ሐኒፍ ሦስተኛውን ቀን በ61፣ አራተኛውን በ161፣ አምስተኛውን በ270 ጨርሶ፣ የወጣው በመጨረሻው ቀን ነበር። ፓኪስታን በ8 ዊኬት 657 ደርሳ ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ተፈጸመ። የሐኒፍን ቆይታ በጊዜ ርዝመት የሚስተካከለው እስከ ዛሬ በቴስት ግጥሚያ (በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ለብዙ ቀናት በሚካሄድ ግጥሚያ) አልተገኘም።

ደግሞም ሐኒፍ መፍጠን ሳይችል ቀርቶ አልነበረም። በጥር 1959 ለካራቺ ከባሃዋልፑር ጋር ሲጫወት በ635 ደቂቃ 499 አስቆጥሯል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው፣ ዝግታው እንደ ሁኔታው የሚመርጠው ስልት እንደነበረ ይረዳሉ።

ሁለተኛው መልስ

ከላይ የተሰጠውን መልስ እደግፋለሁ፤ እኔ የማነሣው የቤተሰቡን ጉዳይ ነው። ወንድሞቹ የተወለዱት በጁናጋድ ሲሆን፣ በ1947 ህንድ ስትከፈል ቤተሰቡ ወደ ካራቺ ተሰደደና ሰው በለቀቀው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ውስጥ መኖር ጀመረ። እናታቸው አሚር ቢ ራሳቸው የባድሚንተን ተጫዋች ነበሩ። ከዚህ ቤት የወጣው ሐኒፍ፣ ፓኪስታን በጥቅምት 1952 ዴልሂ ላይ የመጀመሪያ ቴስት ግጥሚያዋን ስታደርግ በ17 ዓመቱ ተሰልፎ 51 አስቆጠረ። ማንም በስም ብቻ በዚያ ዕድሜ እንዲህ አይጫወትም።

የቤተሰቡ ጥቅም በሜዳ ላይ ነበር የሚታየው። በብሪጅታውኑ ትግል ከሐኒፍ ጋር ከመቶ በላይ ሩጫ ካጣመሩት አጋሮች አንዱ ዋዚር ነው። የ499ኙም ዕለት የካራቺ አምበል ዋዚር ሲሆን፣ የደከመውን ታናሹን የአውስትራሊያዊውን ብራድማን የ452 ሩጫ ክብረ ወሰን እንዲያልፍ ያበረታታው እርሱ ነበር። ቀኑ ሊያበቃ ሁለት ኳስ ሲቀር የውጤት ሰሌዳው 496 ይላል፤ እውነተኛው ግን 498 ነበር። ሐኒፍ ቀጣዩን ኳስ ራሱ ለመምታት ሲል ሁለተኛ ሩጫ ሲሞክር፣ ሳይደርስ ዊኬቱ (በሜዳው ላይ የተተከሉት እንጨቶች) ተመትቶበት በ499 ወጣ። ትክክለኛው ቁጥር በሰሌዳው ላይ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንዲያ ባልተቻኮለ ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ስም ብቻውን ቦታ እንደማያሰጥ ደግሞ አምስተኛው ወንድም ራይስ ምስክር ነው፤ በቴስት ግጥሚያ ተጠባባቂ ከመሆን አልፎ አንድም ጊዜ ሳይጫወት ቀረ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱን ደቂቃዎች ማነጻጸር በጭራሽ አላሰብኩም ነበር። ወንድማማቾቹ በአንድ ቴስት አብረው የተሰለፉበት ጊዜ አለ?

ሁለተኛው መልስ ሰጪ

አዎን፤ በጥቅምት 1969 ካራቺ ላይ ከኒውዚላንድ ጋር ሐኒፍ፣ ሙሽታቅና ሳዲቅ አብረው ተጫውተዋል። ለሳዲቅ የመጀመሪያው፣ ለሐኒፍ ደግሞ 55ኛውና የመጨረሻው ቴስት ነበር፤ ኢኒንጉንም (የቡድኑን የመምታት ተራ) ሁለቱ አብረው ከፈቱ። ሐኒፍ በ3,915 ሩጫና በ43.98 አማካይ (በወጣ ቁጥር ያስቆጠረው ሩጫ) ጫማውን ሰቀለ። ልጁ ሾዓይብም ኋላ ከፋች መቺ ሆኖ 45 ቴስት ተጫወተ፤ የእርሱ አማካይ 44.34 ነው።