ለሰልፍ ቀረጻ የሚሆን የደረት ካሜራ በአነስተኛ ወጪ እንዴት ልሥራ?

ጥያቄ፦ ሰልፈኛው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የወገኖቻችን ሰልፍ በተጠራ ቁጥር በስልኬ ስቀርጽ ቆይቻለሁ። ባለፈው ሰልፍ ግን ግፊያው ሲነሳ አንድ እጄ ባንዲራ፣ ሌላው የአንድ አዛውንት ክንድ ይዞ ስለነበር፣ ስልኬን ከኪሴ እስካወጣ ድረስ አንድ ወጣት በካቴና ታስሮ ተወስዷል። እንዴት እንደተያዘ የሚያሳይ ቀረጻ ከመካከላችን ማንም አልነበረውም፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፖሊሶች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ካሜራ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ፣ ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የተባለችውን ትንሽ ኮምፒውተር ከካሜራዋና ከፓወር ባንክ ጋር ገዝቼ ራሴ ለመገጣጠም አስቤያለሁ። ለአራት ሰዓት ሰልፍ ትበቃኛለች? ድምፅስ ትቀዳለች? በግፊያ መካከል ገመዱ ቢነቀል እስከዚያ የተቀረጸው ይተርፋል?

መልስ 1፦ ባለሽቦው

ወንድሜ፣ እኔ ሁለት ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዋ ያሳጣችኝን ልንገርዎ። ቀረጻውን ኤምፒ 4 በሚባለው ዓይነት አንድ ረጅም ፋይል አድርጌ ነበር የማስቀምጠው። ይህ ዓይነት ፋይል ማጫወቻው ቪዲዮውን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው በሥርዓት ሲዘጋ ነው። የፓወር ባንኩ ገመድ በሰው ክርን ተመትቶ ሲነቀል፣ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ካርዱ ላይ እያለ በምንም ማጫወቻ ሊከፈት አልቻለም። አሁን ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው አዲስ ፋይል እንዲጀምር አድርጌዋለሁ፤ ኃይሉ ቢቋረጥ የሚጎዳው የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ነው። ገመዱንም ከፓወር ባንኩ ጋር በላስቲክ አስሬ በቦርሳው ማንገቻ ውስጥ አሳልፌዋለሁ።

በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ከቀረጹ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይፈጃል፤ ስለዚህ 32 ጊጋባይት ካርድ ለአራት ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። የእኔ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክም አራቱን ሰዓት ጨርሶ ይተርፈዋል። ሲገዙ የካሜራውን ጠፍጣፋ ገመድ ይጠንቀቁ፤ የዜሮዋ መሰኪያ ከብዙዎቹ ትልልቅ ራስበሪ ፓይዎች መሰኪያ ስለሚጠብ ገመዱ ለእርሷ የተሠራ መሆን አለበት።

ሰዎች የሚዘነጉት ሰዓቱን ነው። ይህች ኮምፒውተር በባትሪ የሚሠራ የራሷ ሰዓት ስለሌላት፣ ከኢንተርኔት ርቃ ከተነሳች ቪዲዮው ላይ የምታሰፍረው ቀን የተሳሳተ ይሆናል፤ ማስረጃ ይሁነኝ ብለው የቀረጹትን የመጀመሪያው ጠያቂ በቀኑ ይጥልብዎታል። ዲኤስ 3231 የምትባል ባለ ባትሪ የሰዓት መሣሪያ በጥቂት ዶላር ገዝተው ይጨምሩላት። እርግጥ መሳቢያዎ ውስጥ የተኛ አሮጌ ስልክ ካለ፣ ባትሪውም ሰዓቱም ድምፅ መቅጃውም አብሮት ስላለ ከሁሉ በፊት እርሱን በሸሚዝዎ የደረት ኪስ ይሞክሩ።

መልስ 2፦ የሜሪላንድ ነዋሪ

ስለ ድምፅ የጠየቁትን እኔ ልመልስ። የራስበሪ ፓይ ካሜራ ማይክሮፎን የለውም፤ ድምፅ ከፈለጉ ለብቻው ገዝተው መሰካት ይኖርብዎታል። ከመግዛትዎ በፊት ግን የት እንደሚሰለፉ ያስቡ። ዲሲ ውስጥ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ንግግር መቅዳት ይቻላል፤ እኛ የምንኖርበት የሜሪላንድ ሕግ ግን የግል ንግግር ለመቅዳት የሁሉንም ፈቃድ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ሞተረኛ፣ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ሽጉጥ መዝዞ ሲያስቆመው በራስ ቁሩ ላይ በነበረ ካሜራ ቀርጾ ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ በማውጣቱ፣ በዚሁ ሕግ ሜሪላንድ ውስጥ ተከሶ ነበር። ዳኛው ሥራ ላይ ያለ ፖሊስ በአደባባይ የሚናገረው የግል ንግግር አይደለም ብለው ክሱን ውድቅ አድርገዋል። ስለዚህ ፖሊሱ «ተበተኑ» ማለቱንና ምን ያህል ጊዜ መስጠቱን የሚናገር ድምፅ ቢኖርዎ እመርጣለሁ፤ ከጎንዎ ያሉ ሰዎች ስለ ቤታቸው ሲያወሩ ግን ያጥፉት። ካሜራውንም በልብስ አይሸሽጉት፤ ሲቀርጽ የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት ቢጨምሩለት ለሌላውም ለእርስዎም ይታያል።

መልስ 3፦ ከናታንያ

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 እዚህ እስራኤል፣ ሆሎን ከተማ ውስጥ፣ ደማስ ፓካዳ የተባለ የእኛ ልጅ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ የቀረጸው የጥበቃ ካሜራ ነበር። ፖሊስን አጠቃ ተብሎ የተያዘው ልጅ ነጻ የወጣው ያ ቪዲዮ በመገኘቱ ነው፤ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ላይ አደባባይ የወጣነውም እርሱን አይተን ነው። ሆኖም የእስራኤል መንግሥት ዋና የሕግ አማካሪ ፖሊሱ እንዳይከሰስ ሲወስን፣ ክርክሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ዱላ በፊት ማን ምን አደረገ የሚል ነበር። ስለዚህ ካሜራውን ግርግር ሲነሳ ሳይሆን ከቤት ሲወጡ ያብሩት። ቀረጻውንም ሳይቆርጡ ያስቀምጡ፤ ለሕዝብ የሚያወጡት ቅጂ ይሁን።

መልስ 4፦ እኅተ ማርያም

ወንድሜ፣ ስለዚያ ለሕዝብ ስለሚወጣው ቅጂ አደራ አለኝ። ዲሲ ላይ የቆመ ሰው እናቱ አገር ቤት ናት፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። አንድ ጊዜ መፈክር ይዤ ስጮህ የሚያሳይ ቪዲዮ ፊቴ ሳይሸፈን ፌስቡክ ላይ ወጥቶ፣ እናቴ በሌሊት ደውላ «ልጄ፣ ጎረቤት ሁሉ አየሽ» ያለችኝ ድምፅ ከጆሮዬ አልጠፋም። ከደረት ላይ የሚቀርጽ ካሜራ እርስዎ ያላዩትን ፊት ሁሉ ያያል። ከመለጠፍዎ በፊት የሰልፈኛውን ፊት ያደብዝዙ፤ በፊት ካላስፈቀዱ ልጆችን ከቪዲዮው ጨርሶ ያስወግዷቸው።

ሰልፈኛው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዜር ይስጥልኝ። አሮጌ ስልክ አግኝቻለሁ፤ ዛሬ ማታ ከአሮጌ ጂንስ ኪስ ቆርጬ በቦርሳዬ ማንገቻ ላይ ከትከሻዬ ዝቅ አድርጌ ሰፋሁለት፣ ለሌንሱም ቀዳዳ አወጣሁ። ሲሞከር ማዘንበሉን አየሁና ከሥር አንድ ስፌት ጨመርሁበት። እኅቴ፣ ያልተቆረጠው ከእኔ ጋር ይቀመጣል፤ የሚወጣውን ግን ቀድመው እንዲያዩልኝ ከእኔ ጋር ለሚሰለፉ ሁለት ሰዎች እሰጣለሁ።