ላይፔዙ (በደም የሚለካው የቆሽት ኢንዛይም) ኖርማል ነው፤ ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ?

ስለ ቆሽት የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ወንድሜ ድንገተኛ የቆሽት ብግነት ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ያኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ላይፔዙ ከመደበኛው ጣሪያ ከ3 እጥፍ በላይ ወጥቷል፣ ሕመሙም ከእንብርቱ በላይ ጀምሮ እስከ ጀርባው ይዘልቃል። ጠጠር የያዘው የሐሞት ከረጢቱም ወጣለት። መጠጥ በአፉ አይዞርም።

አሁን ግን በበላ ቁጥር ያመዋል። ከስቷል፤ ሰገራው ቅባት የበዛበት ሆኗል። ላይፔዙ ኖርማል ስለሆነ «ጨጓራ ነው» ብለው ሸኙት። እኔ ግን አልተዋጠልኝም! ሥር በሰደደው የቆሽት ብግነት ዓይነት ላይፔዝ ኖርማል ሊሆን ይችላል አይደል?

ቀጥሎ ምን እንጠይቅ? ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ ወይስ የሰገራ ኢላስቴዝ (ቆሽቱ በቂ ኢንዛይም ማመንጨቱን የሚያሳይ ምርመራ)? የስኳር ምርመራስ? ለቆሽት የሚታዘዘውን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የምትወስዱ ካላችሁ ደግሞ፣ ክኒኑን ከምግብ ጋር ነው ወይስ ከበላችሁ በኋላ የምትውጡት?