«መዝሙር ብቻ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካልቪናውያን (የጆን ካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች) በአምልኮ ሙዚቃ ላይ የሚከራከሩበትን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «መዝሙር ብቻ ይዘመር» የሚል ወገን አለ። ታዲያ ሌላው ወገን ምን ሊዘምር ነው? «እንግዳ እሳት» የሚል ፈሊጥም በየገጹ ይመጣል። ዘፈንን ነው እንዲህ የሚሉት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ያስቸገረህ አማርኛው ነው። «መዝሙር» በእኛ ዘንድ ሁለት ነገር ነው። አንዱ መዝሙረ ዳዊት፣ 150ው። ሌላው እሁድ ጠዋት የሚዘመር ማንኛውም መንፈሳዊ ዜማ፣ ትናንት ማታ የተደረሰም ቢሆን። ያ ወገን የሚለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰው የደረሰው ግጥም ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢቀና በጉባኤ አይዘመርም ባዮች ናቸው። ስለዚህ «ዳዊት ብቻ» በለው። ዳዊት ሲደገም እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህ ወዲያው ይገባዋል።

ክርክሩ የሚጦፈው ኤፌሶን 5:19 ላይ ነው፤ «በመዝሙርና በዝማሬ በመንፈሳዊም ቅኔ» የሚለው። ዳዊት ብቻ የሚሉት፣ ሦስቱም የግሪክ ቃላት በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም (በጥንቱ የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም) በመዝሙረ ዳዊት አርእስት ላይ ስለሚገኙ ጳውሎስ ያንኑ መጽሐፍ በሦስት ስም ጠራው ይላሉ። ሌሎቹም ካልቪናውያን ናቸው፤ ቃላቱ ከዚያ ይሰፋሉ ብለው ይመልሳሉ። አማርኛው ሳናስበው ለሁለተኛው ወገን ያደላል። ቅኔ ስንል በየጊዜው አዲስ የሚቀርብ፣ ትናንት የተባለውን ዛሬ የማይደግሙት ነገር ነውና የሚታየን። በግርጌ ማስታወሻ አስረዳው እንጂ ዝም ብለህ አትለፈው።

አሁን «እንግዳ እሳት»። ነገሩ ከዘሌዋውያን 10 ነው፣ ከናዳብና ከአብዩድ ታሪክ። የድሮው አማርኛ «ያላዘዛቸውን ሌላ እሳት» አቀረቡ ይላል። ክብደቱ ያለው «ያላዘዛቸውን» ላይ ነው፤ የከለከላቸውን አላለም። ካልቪናውያን ደንባቸውን ከሚያስደግፉባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው፦ እግዚአብሔር በአምልኮ ያላዘዘውን አታስገባ። የ1563ቱ የሃይደልበርግ ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተጻፈ የእምነት ትምህርት) በ96ኛው ጥያቄ፣ የ1647ቱ የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም በምዕራፍ 21 ይህንኑ ያስቀምጣሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሉተራውያን በአብዛኛው ያልተከለከለው ይፈቀዳል ባዮች ናቸው። ስለዚህ ፈሊጡን «ዘፈን» ብለህ ከፈታኸው ጽሑፉ በሙሉ ይበላሻል። ቃሉ የጠራ፣ ዜማው ልብ የሚነካ መዝሙርም በነሱ አፍ «እንግዳ እሳት» ሊባል ይችላል። የሚጠይቁት ማን አዘዘው ብለው ነው።

ጠቡ ታዲያ የት ነው? ደንቡን ብዙዎቹ ይቀበሉታል። ግን ያው የዌስትሚንስተር መግለጫ ገና በምዕራፍ 1 ላይ፣ አንዳንድ «ሁኔታዎች» በተፈጥሮ ብርሃንና በክርስቲያናዊ ማስተዋል ይወሰናሉ ይላል። የስብሰባው ሰዓትና ወንበሩ ሁኔታ ነው፤ በዚህ ማንም አይጣላም። ጊታሩስ? ከበሮውስ? አንዱ ድምፅን የሚያግዝ ሁኔታ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ራሱን የቻለ የአምልኮ ክፍል ነው፣ ትእዛዙን አሳየኝ ይላል። እኔ ጽሑፉን ብተረጉም «ሁኔታ» የምትለዋን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት አደርጋታለሁ፤ አንዴ «ሁኔታ» አንዴ «አጋጣሚ» ካልካት አንባቢው ክሩ ይጠፋበታል።

ካልቪን ራሱ ጋ ስትደርስ ሙዚቃ ጠል እንዳታስመስለው። የሙዚቃ መሣሪያ የብሉይ ጥላ ነበር፣ አሁን አልፏል የሚለው እውነት ነው፤ እሱ ባገለገለባት ጄኔቫ ውስጥ ጉባኤው ያለ መሣሪያ በአንድ ድምፅ ይዘምር ነበር። ግን ዳዊትን በግጥምና በዜማ ያስደረሰው እሱ ነው፤ ሥራው በ1562 ተፈጽሞ 150ውም በፈረንሳይኛ ተዘመሩ። ከዜማ ደራሲዎቹ አንዱ ሉዊ ቡርዥዋ በ1551 የታወቁ ዜማዎችን ያለ ፈቃድ ቀየርክ ተብሎ ታሰረ። ሕዝቡ የለመደው ዜማ ተነክቶበታል። ያስፈታው ካልቪን ነው። ለመዝሙሩ መጽሐፍ በጻፈው በ1543ቱ መቅድሙ ደግሞ ሰዎች በማዕድና በቤታቸው የሚደሰቱበትን ሙዚቃና በእግዚአብሔርና በመላእክቱ ፊት የሚዘመረውን ይለያል፤ ሁለተኛው «ክብደትና ግርማ» ይኑረው ይላል። ዛሬ የባንድ አምልኮን የሚነቅፉት ይህችን ይጠቅሳሉ። የሚደግፉት የጄኔቫ ዜማም በዘመኑ አዲስ ነበር ይላሉ። እኔ ሁለተኞቹ ያሳምኑኛል። ክብደት በእድሜ አይለካም።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ «ዘፋኝነት» ኃጢአት ነው ይል የለም እንዴ? ገላትያ 5:21!

መልስ፦ ይላል እህቴ፣ በድሮው ትርጉም። እዚያ ያለው የግሪክ ቃል «ኮሞስ» ነው፤ እየጠጡ፣ እየጮኹ፣ ሌሊቱን የሚያነጉበት ፈንጠዝያ። ሮሜ 13:13 «በዘፈንና በስካር» የሚለውም ያው ቃል ነው። ያው የአማርኛ ትርጉም ግን 2 ሳሙኤል 6:16 ላይ ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት «ሲዘልልና ሲዘፍን» ይላል። መዝሙር 150:4ም «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ይላል። በግዕዝ «ዘፈነ» ጨፈረ፣ አሸበሸበ ነው። ዛሬ እኛ በዘፈንና በመዝሙር መሃል የምናሰምረው መስመር በካልቪናውያኑ ክርክር ውስጥ የለም። ስለዚህ የነሱን ጽሑፍ ስትመልሱ «ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ሙዚቃ» በሉት።

እነሱ ለዚያኛው የራሳቸው ቃል አላቸው፦ «የጋራ ጸጋ»። የሆላንዱ ካልቪናዊ የነገረ መለኮት ሊቅ አብርሃም ካይፐር በ1898 ፕሪንስተን ላይ ባቀረበው ንግግር ኪነ ጥበብ እግዚአብሔር ለማያምነውም የሰጠው ስጦታ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁሉም ግን አልተመቸውም። በአሜሪካ ያለችው የደች ዝርያ ክርስቲያን ሪፎርምድ (ካልቪናዊት) ቤተ ክርስቲያን በ1924 የጋራ ጸጋን በይፋ አጸደቀች፤ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ አባላቷን ከቲያትር፣ ከጭፈራና ከካርታ ጨዋታ አስጠነቀቀች። በ2013ም አሜሪካ ውስጥ አንድ መድረክ ላይ የነበሩ ሪፎርምድ ተናጋሪዎች የክርስቲያን ራፕን ሲያወግዙ፣ ብዙ ካልቪናውያን ተቆጥተው መለሱላቸው፤ ከተናጋሪዎቹ አንዱም ይቅርታ ጠየቀ። (በነገራችን ላይ «ሪፎርምድ»ን «ተሐድሶ» ብለህ አትመልስ። እዚህ አገር ሌላ ነገር ነው የሚሰማው።)

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፤ በስኮትላንድ ፊት ቆሞ የሚያስዘምረውን ሰውዬ «መሪጌታ» ልበለው?

መልስ፦ አትበለው። መሪጌታ ድጓውን፣ አቋቋሙን፣ ማዕረጉን ይዞ ይመጣል። «አውራጅ» ይበቃል። በስኮትላንዷ ሉዊስ ደሴት፣ በአገሬው በጌሊክ ቋንቋ በሚዘመረው ዝማሬ አውራጁ የዳዊትን ስንኝ ብቻውን ያወጣል፤ ተቀባዩ ጉባኤ እያንዳንዱ በራሱ ጌጥ እያዞረ፣ ቀስ ብሎ ይከተለዋል። መሣሪያ የለም። የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን በ2010 ሌሎች መዝሙሮችንና መሣሪያን ለሚሹ አጥቢያዎች ፈቅዳለች፤ የሉዊስ አጥቢያዎች ብዙዎቹ ግን አሁንም በአውራጅና በተቀባይ ናቸው።